ለአንጓች፥ አልቦ

ቢቸና ፍርድ ቤት፣ በሁለተኛው ችሎት፣ ሐምሌ ከጣራው ሽንቁር ባልዲ እየሞላ፣
እኔ ነኝ ጸሐፊው፤ የሰው ጣጣ ገልባጭ፣ ከአንዱ ወረቀት ወደ ሌላ።
በዚያ ቀን የመጣው አንድ ገጽ ኑዛዜ፤ ቀለሙ የሸሸ፣
ከላይ የሥላሴ ስም፣ ከታች የሟቿ አውራ ጣት፣ ጠርዙ የቆሸሸ።
የጻፉት መሪጌታ ክንዱ ነበሩ፤ እሳቸውም የሉ፤
ሙታን ቃል ትተው ይሄዳሉ እንጂ፣ ለመፍታት መጥሪያ አይቀበሉ።

    ለላቀው፥ ጥንድ በሬ፣ ቆርቆሮ ቤት፣ ከወንዙ በላይ ያለው ባሕር ዛፍ።
    ለአንጓች፥ አልቦ።

ይኸው ነው። አራት ነጥብ።

የላቀው ጠበቃ ተነሣ፤ ድሮ ዲያቆን ነበር፣ ድምፁ ገና አልወጣለትም ከቅኔ ማሕሌት፤
«ክቡር ዳኛ፣ ቃሉ ግእዝ ነው፤ አልቦ ማለት የለም ማለት።
ተማሪ ቤት ዜሮን አልቦ ይሉታል፤ ትርጉም አያሻማ፤
እናት ለዚች ልጇ ምንም አልተወችም። ችሎቱ ይህን ይስማ።»

አንጓች ተነሣች። ጠበቃ የላትም። ከሞጣ በአይሱዙ ጭነት ላይ መጥታ፣
ጫማዋ ጭቃ ነው፤ የነጠላዋን ጫፍ በጣቷ ጠቅልላ፣ ፈትታ፣
«ግእዝ አላውቅም» አለች፤ «የማውቀው የእናቴን እግር ነው።
ከምንጭ ስትመለስ ከእሷ በፊት በሩን የሚያልፍ ድምፅ ነው።
አልቦ እግር ላይ ይጠለቃል። ብር ነው። ይጮኻል።
የለም የምትሉት ነገር፣ እስቲ ምን ድምፅ ያሰማል?»

ከኋላ ወንበር ሳቅ ሆነ። ዳኛው መነጽራቸውን አወለቁ፤
ዓባይ ማዶ፣ ጎሐ ጽዮን ነው ያደጉት፣ ከቃል ጋር ይተዋወቁ።
«በእኛ አፍ ዱባ ማለት ኋላ ነው። ልጅ ሆኜ ደጀን ገበያ ስገባ፣
ዞሬ ዞሬ አንገቴ እስኪቀጭ፤ ሴትየዋ ትጮኻለች፦ ዱባ! ዱባ!
ከኋላዬ ግን ማንም አልነበረ።» ጻፍ አላሉኝም። ጻፍኩት።

እኔስ የማውቀው፣ ባንድ መጥሪያ ሁለት ዳምጤዎች ሲቀርቡ ነው፤
አንዱ ከየጁቤ፣ አንዱ ከደብረ ወርቅ፤ ዘር አያገናኛቸው።
እነዚህ ቃላትም እንዲያ ናቸው፤ አንዱ ከመጽሐፍ ቤት፣
አንዱ ከአንጥረኛ መዶሻ፤ ፊደል ነው ያስቀመጣቸው ባንድ ወንበር ድንገት።

ሣጥኑ ተከፈተ። ሁለት ቀሚስ። የእድር ደብተር። ቁልፍ፣ በሩ የጠፋበት።
መዝግብ አሉኝ። እንዲህ ብዬ መዘገብኩት፦

    አልቦ የለም።

መልሼ አየሁት። ብሩ የለም ይላል።
ደግሞም፣ በዚያኛው ቢነበብ፣ የለም የሚባል ነገር የለም ይላል፤
እንግዲያ ይህች ልጅ ያላገኘችው የለም።

«ዝጉት» አለች አንጓች። «ሲያማት እግሯን ያጠብኳት እኔ ነኝ።
ከቁርጭምጭሚቷ በላይ አንድ ቀለበት ነበር፤ የነጣ፣ የለሰለሰ፣ ጸጉር የማያበቅል ቆዳ።
ብሩን መቼ እንደሸጠችው አልጠየቅኳትም።
መርጦ ለማርያም ዘጠነኛ ክፍል ስማር የቤት ኪራይ ትልክልኝ ነበር።
ቦታውን ግን አውቀዋለሁ። በጣቴ ዞሬዋለሁ።»

ላቀው ጉልበቱ ላይ ያለውን ባርኔጣ አንድ ጊዜ አዞረው።
ቀጠሮ ተሰጠ፤ ለጥቅምት አሥራ ሁለት፣ ቃል ዐዋቂ ይቅረብ ተባለ።

ሰው ሁሉ ወጣ። ገጹን ለማኅተም ወደ መስኮቱ አዞርኩት፤
ከግርጌው የወይዘሮ ጠጅቱ አውራ ጣት፣ ቀለበት በቀለበት ውስጥ፣
መሃሉ ባዶ።
ባልዲው ሞልቶ ይፈስ ነበር። ሄጄ ደፋሁት።